ተነሺው ባሌ

ፈረንጅ አግብታችሁ አገር አስለምዳችሁ ታውቃላችሁ? ባሌ ሄንድሪክ እኔን ብሎ ከሆላንድ እስከ ፒያሳ ድረስ የመጣ ሰው ነው። አስተማሪው ደግሞ ማን ይሁን? እኔ፣ የእሪ በከንቱ ሰፈሯ ልጅ!

"ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብለህ 'ኖር!' ትላለህ፤ 'በእግዜር' ሳትባል እንዳትቀመጥ" አልኩት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

እሑድ ኬክ ቤት ሄደን በሩ አጠገብ ተቀመጥን። አንድ ሽማግሌ ሲገቡ ተነሳ፤ ኮራሁ። ጎረምሳ ሲገባም ተነሳ። አስተናጋጇ ትሪ ይዛ በመጣች ቁጥር ተነሳ። ሊስትሮው ብቅ ሲል ሲነሳማ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"ኧረ በናትህ ቁጭ በል! ለትልቅ ሰው ነው እኮ ያልኩህ።"

"ማን ትልቅ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?" አለኝ።

እስቲ እናንተ መልሱለት።

ማክሰኞ ማታ የታክሲ ሰልፍ አድክሞኝ፣ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ ቤት ገባሁ። ሄንድሪክ ከሶፋው ብድግ አለ።

"ኖር!"

ለእኔ ማንም ተነስቶልኝ አያውቅም ነበር። ባሌ "በእግዜር" እስክለው ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ግን፣ እስቲ ትንሽ ይቁምልኝ ብዬ ዝም አልኩ።