ሰው ያላቸው ጋሽ መሕሙድ

ደሴ ውስጥ አንዲት ወረቀት ለማስፈረም ብቻውን የሄደ ሰው ካለ፣ ወይ ለአገሩ እንግዳ ነው፣ ወይ የሰፈሩ «ሰው አለኝ» ባይ ሳያየው ሹልክ ብሎ አምልጧል። ይህ ሰው በየሰፈሩ አለ። ሥልጣን የለው፣ ማኅተም የለው፤ ግን የየትኛውም ቢሮ ስም ሲነሳ ፊቱ ይበራና «እዚያማ ሰው አለኝ!» ይላል። በእነ አግማስ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት ተሸክመው የኖሩት ክቡር ጋሽ መሕሙድ ነበሩ፤ ሙያቸው ልብስ ሰፊ፣ ሹመታቸው የሁሉም ወዳጅ።

አግማስ እንዲህ ዓይነቱን ሰው አይወድም። አካውንቲንግ ከተመረቀ ወዲህ «ሥርዓት ባለበት ሰው ምን ያደርጋል? ማስረጃህን ይዘህ መሄድ ነው» ማለት ያበዛል። ይህን የሚለው ፒያሳ ካፌ ተቀምጦ፣ ያለ ሥራ ዓመት አልፎት፣ ማኪያቶውን ጓደኛው ጸጋው እየከፈለለት መሆኑን ራሱም ያውቀዋል፤ ግን ማወቅ ሁልጊዜ አፍ አያስይዝም።

አንድ ቀን ኮምቦልቻ ካለ ፋብሪካ ተደወለለት። ለንብረት ክፍል ሠራተኛነት አልፏል። እስከ ዓርብ የትምህርት ማስረጃውን፣ የጤና ምርመራውን፣ የጣት አሻራውንና የዋስ ደብዳቤውን አሟልቶ ካልቀረበ ግን ተጠባባቂው ይጠራል። አግማስ ለማንም ላለመናገር ወሰነ፤ በተለይ ለጋሽ መሕሙድ። ከዚያ ለሥራው የሚለብሳትን ሱሪ ሊያሳጥር ቀጥ ብሎ የሄደው የት ይመስላችኋል? ጋሽ መሕሙድ ሱቅ። ብልጠቱ እስከዚህ ድረስ ነበር።

«ማሻአላህ! የምን ሱሪ ነው?»

«እንዲሁ ነው፣ ጋሽ መሕሙድ።»

«እንዲሁማ ሱሪ አያሳጥሩም። ወይ ሠርግ ነው ወይ ሥራ። ሙሽራ እንዳልልህ ደግሞ፣ አፉ በለኝና፣ ማን ያገባሃል?»

አግማስ ተናዘዘ። ጋሽ መሕሙድ መርፌውን ሱሪው ላይ እንደተሰካ ትተው ብድግ አሉ።

«የጤና ምርመራ? አብሽር! ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሰው አለኝ!»

ቦሩ ሜዳ የነበራቸው ሰው ጡረታ ወጥቶ፣ ከዚያም ሞቶ ኖሯል። ዘበኛው ይህን ሲነግራቸው ጋሽ መሕሙድ አግዳሚው ላይ ዘጭ አሉ። አግማስ ቀስ ብሎ ወደ ሰልፉ ሊሄድ ሲል እጁን ለቀም አደረጉት።

«ቤቱ እዚሁ ቅርብ ነው አሉ። ደርሰን እንመለስ። ሰምቶ ማለፍ ነውር ነው።»

አግማስም በዕድሜው አይቶት ለማያውቀው ሰው ለቅሶ ተቀመጠ። የሟች ልጅ ውሃ ስታቀርብላቸው ቀና ብላ አየችው። «ልጅዎ ነው?» አለቻቸው።

«እንደ ልጄ ነው። አባትሽን ሲወዳቸው ለጉድ ነበር።»

አግማስ አንገቱን ደፋ። ይባስ ብሎ የእውነት እንባ እንባ አለው። ምሳ ሳይበሉ መውጣት አይቻልም ተባሉና በሉ፤ ሲመለሱ የምርመራው ሰዓት አልፏል። በማግስቱ ማለዳ ብቻውን ሄዶ ተመረመረ። ሙሉ ጤነኛ ነው ተባለ፤ የአእምሮ ምርመራ ስላልነበረበት አምላኩን አመሰገነ።

ለጣት አሻራው ፖሊስ ጣቢያ ሲሰለፍ ጋሽ መሕሙድ ከየት መጡ ሳይባል ከጎኑ ተገኙ። እዚያም ሰው ነበራቸው፤ አራጋው የሚባል። አራጋው ግን ወደ ሐርቡ ተዛውሯል። ይህ ጋሽ መሕሙድን አላገዳቸውም። ስልካቸውን አወጡና ድምፁን ለቀው ደወሉ። ሰልፈኛው ሁሉ የሐርቡን ዝናብ፣ የአራጋውን ላም መውለድና የአማቱን ጉልበት ሁኔታ በዝርዝር ከሰማ በኋላ ጉዳዩ ተነሳ።

«ጋሽ መሕሙድ፣ ሰልፍ ይዞ መጠበቅ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም» አለ አራጋው።

ጋሽ መሕሙድ ስልኩን ዘግተው ወደ አግማስ ጆሮ ጠጋ አሉ። «ሰማህ? ሰልፍ ያዝ ብሏል። ከውስጥ የወጣ መረጃ ነው!»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። አግማስ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«ከእንግዲህ አይድከሙ» አላቸው ሲወጡ፣ በተማረ ሰው ድምፅ። «የቀረው ዋስ ነው። እሱን ለእኔ ይተዉልኝ፤ ስንት የተማረ ወዳጅ አለኝ።»

የተማሩት ወዳጆች ስልክ ማንሳት ላይ ጎበዞች ነበሩ። ጸጋው ለሌላ ሰው ዋስ ሆኛለሁ አለ። አክስቱ የኔነሽ ባሌን ላማክር ብላ ዘጋች፤ ከዚያ ወዲህ ስልኳ ጥሪ አይቀበልም። አብረውት ከተማሩት አንዱ «ለማኪያቶ ከሆነ ዋስ ልሁንህ» ብሎ ሳቀ። አግማስም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ሐሙስ ከሰዓት በስልኩ ውስጥ ያለው ስም ሁሉ አለቀ። «ሰው ምን ያደርጋል» ባዩ አንድ ሰው አጣ።

ሱሪውን ሊወስድ ሱቁ ሄደ። ነገሩን ሲሰሙ ጋሽ መሕሙድ መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«ዋስ የሚሆነው ደመወዝተኛ ነው» አሉ። «እኔ በመርፌዬ አዳሪ ነኝ፤ አይቀበሉኝም። እዚያስ... እዚያስ ሰው የለኝም።»

አግማስ ይህን ቃል ከአፋቸው የሚሰማበትን ቀን ሲመኝ ነበር የኖረው። አሁን ሲሰማው ግን ማጽናናት ያዘ። «ግድ የለም፣ ጋሽ መሕሙድ» ብሎ ሱሪውን ተቀብሎ ወጣ።

ዓርብ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የጋሽ መሕሙድ ባለቤት እትዬ ሰዒዳ ናቸው፤ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ይሠራሉ። መታወቂያቸውንና የመሥሪያ ቤታቸውን ደብዳቤ በላስቲክ ይዘዋል።

«እትዬ ሰዒዳ! እርስዎ ለእኔ...»

«ለአንተ ነው ማን አለህ? ወላሂ ለራሴ ነው የምፈርመው። ሰውዬው ሲገላበጥ አድሮ እንቅልፍ ነሳኝ። አንተ ሥራ ካልያዝህ እኔ መተኛትም የለኝ። ደግሞ አንዲት ብሎን ብትጎድል፣ ከፋብሪካው በፊት እኔን ፍራ!»

ኮምቦልቻ ወርደው፣ ፈርመው ሲወጡ አግማስ ላስቲኩን ተቀብሎ ያዘላቸው። «ጋሽ መሕሙድ ይህን ሁሉ ሰው ከየት አመጡት ግን?» አለ ለወሬ ያህል።

«የምን ሰው?» አሉ እትዬ ሰዒዳ። «ከገጠር ሲመጣ የማን ልጅ ነህ ያለው እንኳ አልነበረም። ቢሮ ደጅ ብቻውን ሲቆም ከርሟል። ከዚያ ወዲህ ሰላም ያለውን ሁሉ የእኔ ሰው ነው ይላል። አንተን እዚያ ብቻህን እንዳትቆም ነው እንጂ፣ እሱ ምን ያመጣልሃል?»

ሰኞ ማለዳ አግማስ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ውስጥ ሲገባ ጋሽ መሕሙድ ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ነው፣ ከጎናቸው ቦታ ይዘዋል።

«ጨርቅ ልገዛ ነው» አሉ ሳይጠየቁ።

ደሴ ጨርቅ ጠፍቶ ኮምቦልቻ የሚወርድ ልብስ ሰፊ እንደሌለ አግማስ ያውቃል። ቢሆንም ከጎናቸው ተቀመጠ። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ፣ መኪናው ሲታጠፍ ሲመለስ፣ ሽማግሌው እንቅልፍ ወሰዳቸውና ጭንቅላታቸው በአግማስ አዲስ የተተኮሰ ሸሚዝ ትከሻ ላይ አረፈ።

ረዳቱ ሒሳብ ሊቀበል መጣ። «አባባ ካንተ ጋር ናቸው?»

«አዎ» አለ አግማስ፣ እንዳይነቁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከእኔ ጋር ናቸው።» የሁለት ሰውም ከፈለ።