አዳራሽ ሙሉ ሰው በኪራይ ክፍሌ

ለመሆኑ፣ ብቻችሁን ቁጭ ባላችሁበት «ይሄን ሁሉ ሰው ማን አምጣ አለህ?» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? የማታውቁ ከሆነ ወይ ዕድለኞች ናችሁ፣ ወይ ደግሞ መድረክ ላይ እንዳለ የተቀዳ ካሴት ሰምታችሁ አታውቁም። ሁለተኛው ይመስለኛል። የእኛ ሰው እንደሆነ ሌላው ሲደሰት ለመስማት ትዕግሥት የለውም! ይህን የምለው በስሜት ተነድቼ አይደለም፤ አስተማሪ ነኝ፣ ማስረጃ አለኝ።

ማስረጃዬ ናዝሬት ገበያ አጠገብ ባለ አንድ ሙዚቃ ቤት፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተኝቶ ነበር። የትርንጎ ባንድ ካሴት ነው። ስለ ትርንጎ ባንድ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ፀጉር እንደ ዣንጥላ በሚዘረጋበት፣ ሱሪ ከታች መንገድ በሚጠርግበት በዚያ ዘመን፣ ጊታራቸው ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ወጣቱን ያስጨፈረ ነው። በኋላ ተበተኑ። ድራም መቺው ስኳር ፋብሪካ ገባ፤ ጊታር መቺው በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ይዞ ጠፋ፤ ዘፋኙ አግብቶ ዝም አለ። (ትዳር ድምፅ ይዘጋል አላልኩም… ገና አላገባሁም።) ከዓመታት በኋላ ላንጋኖ ዳር ባለ አንድ ሆቴል እንደገና ተሰባስበው ሲጫወቱ፣ አንድ አስተዋይ ሰው ቀዳቸው። ካሴቱ ያ ነው።

«ወስደው ይመልሱታል» አለኝ ባለሱቁ።

«ለምን?»

«ጫጫታ አለው፣ አጥራልን ይላሉ። ስንዴ ነው እንዴ የማበጥረው?»

«ጫጫታው እኮ ነው ጣዕሙ!» አልኩና ማስረዳት ጀመርኩ። ካሴቱን ቶሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። እኔ ማስረዳት ስጀምር ሰው ሁሉ ለምን ሥራ እንደሚበዛበት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እሁድ ከምሳ በኋላ በሬን ዘግቼ ቴፔን ከፈትኩ። መጀመሪያ ዘፋኙ ጉሮሮውን ጠራረገ። ጠርሙስ ጧ! ብሎ ተከፈተ። አንዷ እልል አለች። አንዱ ደግሞ «አማስ! አማስ!» እያለ ይጮሃል፤ በኦሮምኛ «ድገሙት» ማለቱ ነው… ገና ምንም ሳይጀመር! ከዚያ ጊታሩ ተነሣ። ድራሙ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረ፤ የስኳር ፋብሪካ ዓመታት ቀላል አይደሉም። ጊታሩ ግን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቆም ብሎ ጠበቀው! ልክ መንገድ ላይ የጫማውን ክር የሚያስር ጓደኛ እንደሚጠበቅ። ሁለቱ እኩል ሲገቡ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔም ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁት።

ይኼኔ በሩ ተደበደበ።

አከራዬ እትዬ ዘነበች ናቸው። ክፍሉን ሲሰጡኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ብቻህን ነህ?» ለናዝሬት ወንደላጤ ክፍል ማግኘት ደግሞ በሚያዝያ ፀሐይ ጥላ ከማግኘት ይከብዳል።

«ውጡ በላቸው!» አሉኝ።

«እነማንን፣ እትዬ?»

«እነማንን ይለኛል! አጨብጫቢዎችህን ነዋ!»

«ካሴት እኮ ነው።»

«ካሴት ይዘፍናል እንጂ ያጨበጭባል?»

ከኋላቸው ጓድ በዳሳ ብቅ አሉ። የቀበሌያችን ጥበቃ ናቸው፤ እርሳቸውና ጠመንጃቸው በዕድሜ እኩያ ይመስላሉ። «ጓድ መምህር» አሉ ረጋ ብለው፣ «ይህን ያህል ሰው ያለ ፈቃድ ሰብስበሃል። አጀንዳው ምንድን ነው?»

አጀንዳ! ላቤ እንደ አዋሽ ወረደ። አልጋ ሥር አዩ፤ ያገኙት የሸራ ጫማዬን ነው። ከበሩ ኋላ አዩ፤ መጥረጊያ። መስኮቱንም ለኩት፤ ድመት ካልሆነ ሰው አያሾልክም።

«በየት እንዳስወጣሃቸው አንተ ታውቃለህ» አሉ እትዬ ዘነበች። «እኔ ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው። ሳይመሽ ዕቃህን ሰብስብ!»

ይሄኔ በውስጤ ያለው የፊዚክስ መምህር ነቃ። «ድምፅ ማለት» አልኩ፣ «የአየር ርግብግቢት ሲሆን…»

«እሱን ለተማሪዎችህ!»

ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥኜ እንደገና አሰማኋቸው። ጠርሙሱ ያው፣ እልልታው ያው፣ ጭብጨባውም ያው። «አያችሁ? እውነተኛ ሰው ቢሆን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ያጨበጭባል?»

ጓድ በዳሳ አገጫቸውን አሻሹ። «ከተለማመደ ያጨበጭባል» አሉ። «እኛ እኮ በየስብሰባው ብዙ ተለማምደናል።»

እስቲ እናንተ ምን ትመልሱ ነበር?

ደግነቱ ሙዚቃው እኔን አልጠበቀም፤ ቀጠለ። ዘፈኑ አልቆ አዳራሹ በጭብጨባ ሲናጋ፣ ጓድ በዳሳ ጠመንጃቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ቀጥ ብለው ቆመው… አጨበጨቡ! እትዬ ዘነበችም ተከተሉ። ሁለት ሰው እያጨበጨበ ዝም ማለት ምን ያሰኛል? እኔም ጀመርኩ። ካሴቱ ውስጥ ያሉት ደከማቸውና አቆሙ። እኛ ግን ማን ቀድሞ ያቁም? እርስ በርስ እየተያየን እንወቅጠዋለን! መዳፌ በርበሬ መሰለ። በመጨረሻ ዘፋኙ ራሱ ከቴፑ ውስጥ «እናመሰግናለን፤ ተቀመጡ» አለን።

«ቶሌ!» አሉ ጓድ በዳሳ፤ እሺ ማለታቸው ነው። አልጋዬ ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ ፈቃድ አላነሣም። እትዬ ዘነበች በርጩማ አምጥተው በሩ ሥር ተቀመጡ። «ይሄ አማስ የሚለው ሰውዬ ጉሮሮው አይደርቅም?» አሉ አንዴ። ድራሙ ኋላ ሲቀር «አይዞህ» አሉት፤ ጊታሩ ሲጠብቀው ደግሞ «ጨዋ ልጅ!» ብለው መረቁት። ሁለተኛው ገጽ አልቆ ቴፑ ቀጭ ሲል፣ ግቢው ከወትሮው ይልቅ ጭር አለ።

«እንግዲህ… ዕቃዬን ልሰብስብ?» አልኩ።

«ምን ያጣድፍሃል?» አሉ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ግን ይህች ክፍል ለዚያ ሁሉ ሰው ትጠባለች። እሁድ እሁድ ወደ እኔ ሳሎን አምጣቸው፤ ቤቱም ሰው ናፍቆታል።»

ጓድ በዳሳ ጠመንጃቸውን አነሡ። «ፈቃዱን ለእኔ ተዉት» አሉ።

እናንተም እስቲ ሞክሩት። ሙዚቃ ቤት ሄዳችሁ «ጫጫታ ያለውን» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሻጩ ስቆም ቢሆን ይሰጣችኋል። ድምፁን ከፍ፣ በሩን ገርበብ አድርጉ። ጎረቤት «ምንድን ነው?» ብሎ ሲመጣ ግን አደራ፣ ለማስረዳት እንዳትሞክሩ። ወንበር ስጡት።