ጋሼ ሸምሱ «ቢታ» ያሉ ቀን

ቅናት ጆሮ ያሾላል ይባላል? ካልተባለም ከዛሬ ጀምሮ ይባል።

እኔ መቱ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከጋሼ ሸምሱ መጋዘን በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። ጋሼ ሸምሱ ነጋዴ ናቸው፤ ማር ከገዙ ማር ይወደዳል፣ ቡና ከያዙ ቡና ይወደዳል። ጣሪያቸው አዲስ ቆርቆሮ፣ በራቸው አዲስ ብረት። እኔ ከግድግዳው ወዲህ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ። ምን ልደብቅህ፣ አንጀቴ ያርራል። ደግ መሆናቸው ደግሞ ይብሳል፤ ክፉ ቢሆኑ እኮ በሐሜት ይወጣልኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ከመጋዘናቸው የኮረሪማ ሽታና የጭነት መኪና ድምፅ መጣ። ወዲያው ጋሼ ሸምሱ ከግቢያቸው «ቢታ! ቢታ!» እያሉ ይጮሃሉ። በኦሮምኛ «ግዙ! ግዙ!» መሆኑ ነው። ብቅ ብዬ ባይ ምን ነበረበት? ቀናተኛ ግን መስማት ይበቃዋል።

ባለቤቴ ብርቄ ለጣሪያችን ቆርቆሮ ያጠራቀመችው ገንዘብ ነበረን። ጣሪያው ያፈሳል፤ የመቱ ዝናብ ደግሞ አንዴ ከመጣ መሄጃ የለውም። «ጋሼ ሸምሱ ሲገዙ እኛ ቁጭ ብለን እንይ?» አልኳት። «የሰው ወርቅ አያደምቅም» አለችኝ። ማን ሰምቷት! እዚሁ አጠገባችን ቡሬ ሄጄ ገንዘቡን ሁሉ ኮረሪማ ገዛሁበት። ጆንያውን አልጋችን ዳር ደረደርኩት። ያን ሰሞን ጋሼ ሸምሱ ሰላም ሲሉኝ አንጀቴ አላረረም፤ እኩያዬ መስለውኝ።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! የኮረሪማ ዋጋ ወደቀ። ዝናቡም መጣ። በጆንያው ላይ ጠብ፣ ጠብ እያለ ኮረሪማዬ ሻገተ።

ንዴቴን ይዤ መጋዘናቸው ገባሁ። «ቢታ ብለው አከሰሩኝ!» አልኳቸው።

«እኔ? መቼ?» አሉ ደንግጠው።

ቀኑን አስታወስኳቸው። አሰብ አደረጉና፣ «ያን ቀን እኮ ኮረሪማዬን ሸጬ እያስጫንኩ ነበር» አሉኝ። «ሹፌሩ ወደ ኋላ ሲመጣ ያንተን አጥር ሊደረምሰው ነው። ግራ ያዝ ብዬ ነው የጮህኩት። ቢታ ግራም አይደል፣ ወንድሜ?»

ነው እንጂ! መቱ ተወልጄ ይሄ ይጠፋኛል? ግን በቀላሉ እጅ አልሰጠሁም። «ታዲያ እየሸጥኩ ነው ብለው አይነግሩኝም?» አልኩ።

«መቼ ጠየቅከኝ?» አሉኝ፣ በትህትና። ይባስ ብለው ጣሪያችን ላይ የምንጥለው የመኪና ሸራ አሸክመው ላኩልን። አሁን ይሄ ይቻላል?

ብርቄ ነገሩን ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች። «ሹፌሩ ግራ ሲሉት በግራ ገባ፤ አንተን ግን ግራ ገባህ» አለችኝ።

እንግዲህ ፍረድ፣ ጥፋቱ የማን ነው? የኔ ነው፣ እሺ። ሸራው ግን እንዴት ያለ ሸራ መሰለህ! ጠብታ አያሳልፍም። ከየት እንደገዙት ልጠይቃቸው አልኩና ተውኩት፤ አንድ ቀን በግድግዳው በኩል መስማቴ አይቀርም።