የመግዣው ጣሳና የመሸጫው ጣሳ

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ አበው። እኔ አንደኛ ክፍል የማስተምር ሰው ነኝና አበውንም ቢሆን ሳልጠይቅ አላልፍም፤ በየትኛው ቁና? ሰውየው ሁለት ቁና ካለውስ? አንዱ መግዣ፣ ሌላው መሸጫ ከሆነስ? ይህን የሚመልስልኝ ሽማግሌ እስካሁን አላገኘሁም። እናንተ ካገኛችሁ ላኩልኝ።

ለነገሩ እኔ ያስተማርኩት ያን ያህል የረቀቀ ነገር አይደለም። ረጅምና አጭር፣ ከባድና ቀላል፣ ብዙ የሚይዝና ትንሽ የሚይዝ፤ በቃ። መጽሐፉ ዝሆንና ድመት ሥሎ «የቱ ይከብዳል?» ይላል። ይህን ለመመለስ ትምህርት ቤት መምጣት አያስፈልግም፤ ድመቷም ታውቀዋለች። ስለዚህ መጽሐፉን ዘግቼ ልጆቹን ቀርከሃ ከቀርከሃ አስለካኋቸው፤ በአንድ እጃቸው ትልቅ ባዶ ቅል፣ በሌላው ትንሽ ድንጋይ አስይዤ የቱ እንደሚከብድ ጠየቅኋቸው። የመያዝ ነገር ላይ ስንደርስ ደግሞ ሕግ አወጣሁ፤ «በዓይን አትፍረዱ፣ ገልብጡ» የሚል። አንዱን ዕቃ ሞልቶ ወደ ሌላው መገልበጥ ነው። ተርፎ ከፈሰሰ የመጀመሪያው ይበልጣል፣ ካልሞላ ሁለተኛው። ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠሁ፤ ቤት ካለው ዕቃ ሁለት መርጣችሁ አወዳድሩ አልኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው፣ ጥፋት ከተባለ።

ቀበሌያችን ከመንጌ ከተማ ብዙም አትርቅም። ክፍል ስላልበቃን አንደኛ ክፍሎች የምንማረው ጋሼ አለኸኝ በትውስት በሰጡን የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። ጋሼ አለኸኝ የቀበሌዋ ትልቁ ነጋዴ፣ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ በዚያ ላይ የጎጃም ሰው፣ ያገሬ ልጅ ናቸው። በዓልን በእሳቸው ቤት እንጂ ብቻዬን ውዬ አላውቅም። በመከር ከገበሬው ማሽላ በጣሳ ይገዛሉ፣ ክረምት ሲቃረብ ለዚያው ገበሬ በጣሳ መልሰው ይሸጣሉ። ከሁሉም በላይ የሚታወቁት በምርቃታቸው ነው። ጣሳውን ሞልተው ከገለበጡላችሁ በኋላ አንድ ጭብጥ ጨምረው «ይኸው ምርቃት» ሲሉ ከልባችሁ መርቃችኋቸው ትሄዳላችሁ። እኔም ስመርቃቸው ኖሬያለሁ።

የመጨረሻ ልጃቸው ትርንጎ ተማሪዬ ናት። በገበያ ቀን፣ ሱቁ በሰው ጢም ባለበት ሰዓት፣ የቤት ሥራዋን ልትሠራ የአባቷን ሁለት ጣሳዎች፣ መግዣውንና መሸጫውን፣ አነሣች። ሁለቱም የዘይት ጣሳዎች ናቸው፤ ቁመታቸው እኩል፣ አፋቸው እኩል። የመሸጫው ቂጥ ብቻ በመዶሻ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። የመግዣውን ጣሳ ማሽላ ሞልታ ወደ መሸጫው ስትገለብጥ ማሽላው ተርፎ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ትርንጎም እንዳስተማርኳት ድምጿን ከፍ አድርጋ «የመግዣው ይበልጣል» አለች።

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ጣሳዎቹ ዞረ። ልጅቷ ግን ሥራዋን በግማሽ የምትተው አይደለችም፤ አሁን ደግሞ መሸጫውን ሞልታ ወደ መግዣው ገለበጠች። አልሞላም። «አባዬ፣ ምርቃቱን ጨምርበት» አለቻቸው። ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ ምርቃት መከልከል አይቻልም። ጋሼ አለኸኝ አንድ ጭብጥ ጨመሩ። አማርኛን እዚያው ገበያ ላይ የተማረችው፣ ለልጆቿ ማሽላ ልትገዛ የመጣችው አሻ አንገቷን አስግጋ ጣሳውን አየችና «ገና ነው ጋሼ፣ አልሞላም። ጨምር» አለች።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ አለኸኝ ከርዕሰ መምህራችን ጋር መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«እቱ፣ ልጅ ናት፣ ተሳስታለች» አሉኝ ረጋ ብለው። «በክፍሉ ፊት ተሳስተሻል በያት፣ ነገሩም በዚሁ ይብቃ።»

ርዕሰ መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ዝም አይነቅዝም» አለኝ። «መጋዘኑ የእሳቸው ነው፤ ዝናቡም ደርሷል።»

ፈራሁ። የት እንወድቃለን ብዬ ፈራሁ፣ የመጪው በዓልም ነገር ትዝ አለኝ። ነገር ግን ትርንጎ ከፊት ወንበር ላይ እጇን አፏ ላይ ጭና ታየኛለች። ያደረገችው ያልኳትን ነው። ዛሬ ተሳስተሻል ብላት ነገ ምን ልትገለብጥ ነው? ያን ጊዜ ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ጣሳዎቹን ያምጧቸውና እዚሁ እንገልብጥ» አልኩ። «እኩል ከሆኑ ተሳስቻለሁ የምለው እኔ ነኝ።»

ጣሳዎቹ አልመጡም። እኔም ወደ ልጆቹ ዞሬ «ትርንጎ ልክ ናት፣ አጨብጭቡላት» አልኩ። ጭብጨባው ጋሼ አለኸኝን እስከ መንገዱ ሸኛቸው።

በማግስቱ መጋዘኑ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት፣ አግዳሚ ወንበሮቻችን ደጅ ተደርድረው አገኘናቸው። ተሸክመናቸው ትምህርት ቤቱ ግቢ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ገባን። በዓሉንም ብቻዬን ዋልኩ፤ ከፍቶኝ ነበር፣ አልደብቃችሁም። ርዕሰ መምህሩ አሁንም ይቅርታ ጠይቂ ይለኛል። ማንን? በገበያው ግን አሻና ጎረቤቶቿ የየራሳቸውን ጣሳ ይዘው መሄድ ጀምረዋል፤ ሲገዙም ሲሸጡም በዚያው ያሰፍራሉ። ምርቃት ቀርቷል። የናፈቀውም የለም።

ትርንጎ አሁንም ትመጣለች፤ ሌላ ትምህርት ቤት የለማ። ባለፈው ሰማዩ እያጉረመረመ ሳለ ልጆቹን «መጋዘኑና ይህ ጥላ፣ የቱ ብዙ ይይዛል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሁሉም ቀና ብለው ቅጠሉን አዩ።

«ጥላው ቲቸር» አለች ትርንጎ። «መጋዘኑ ቁልፍ አለው።»

አጨበጨብንላት። እያጨበጨብን ዝናቡ ጀመረ፤ የተነሣ ልጅ ግን አልነበረም።