ለእንግዳ የተሰናዳ ደም

እኛ ሰዎች ያለንን እንዳለ ማሳየት አንወድም። ሹም ሊመጣ ነው ከተባለ መንገዱ ይጠረጋል፤ ሹሙም መንገዱ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ መስሎት ደስ ብሎት ይመለሳል፤ እኛም መንገዱ ሳይሠራልን እንከርማለን። ፎቶ አንሺ ፊት የቆመ ሰው ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል። ጥርሱን ሲያመው ያደረ ሰው «አፊያ ነህ?» ቢሉት «አልሀምዱሊላህ፣ ምንም አልል» ይላል፤ በሐይቅ ከተማ ጉንጩ ያበጠ ሰው እንኳ ደኅና ነው። እንግዲህ እናንተው ፍረዱኝ። ሁሉን አሰናድቶ በሚያሳይ አገር ተወልጄ፣ ደሜን ብቻ እንዳደረ ይዤ ሐኪም ፊት ልቅረብ?

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሐይቅ ላይ እህል እነግዳለሁ፤ ከእህሉ ይልቅ የምኮራው ግን በሽምግልናዬ ነው። ከአምባሰል ድንበር የተጋፋ፣ ከሐይቁ ዳር መረብ የተቀማማ ሰው ሲጣላ ከሚጠሩት ሽማግሌዎች አንዱ ነኝ። ካቻምና ግን እንቅልፍ የሚሉት ነገር ወደደኝ። ጉልበቴ ከዳኝ፣ ጢሜ ሳሳ፤ ሚስቴ ዘሀራ «ባል አለኝ ወይስ የተሰቀለ ካፖርት?» እስክትል ድረስ ደበዘዝኩ። ይህስ ይቻል ነበር። አንድ ቀን ግን ሁለት ወንድማማቾች ስለ መሬት ሲካሰሱ አንቀላፍቼ ኖሮ፣ ድንገት ባነንኩና «እኔም በዚሁ እስማማለሁ» አልኩ። ለካ ከሳሹ «ይሄ ሰው ከአገር ይጥፋልኝ» ብሎ መጨረሱ ነበር።

የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ይመር ወደ ጎን ጠሩኝ። «እንድሪስ፣ አብሽር፤ ሰው ነህ፣ ትደክማለህ። ታከም። እስከ መውሊድ ካልነቃህ ግን በቦታህ ሌላ ሰው እናስቀምጣለን» አሉኝ። ሽማግሌ ሲሞት ይተካል፤ ሲተኛ የተተካ ሽማግሌ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ደሴ ወጣሁ። ያየችኝ ሐኪም ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ደሜን መርምራ፣ ጭንቅላቴንም በመሣሪያ ፎቶ አስነሥታ አስረዳችኝ። ከአንጎል ሥር አተር የምታህል እጢ አለች፤ የወንድነት ሆርሞን እንዲመረት የምታዘው እሷ ናት፤ የእኔዋ ማዘዙን ትታለች። «እንደ እርስዎ አንቀላፍታለች» አለችኝ። በየሦስት ሳምንቱ የምወጋው መርፌ አዘዘችልኝና እንዲህ ስትል አስጠነቀቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ለደም ምርመራ የሚመጡት መርፌ በሚወጉበት ቀን ጠዋት፣ ሳይወጉ ነው። እኔ ማየት የምፈልገው መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል የቀረውን ነው። መጠኑን የምወስነው በዚያ ነው።»

ሰማሁ። መስማትማ ሰማሁ።

መርፌው ሠራ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ተመልሶ መተኛት ቀረ፤ ሰው ሲናገር እስከ መጨረሻው የማዳምጥ ሆንኩ። የምርመራው ቀን ሲቃረብ ግን ሐሳብ ገባኝ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ደሜ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ፤ የሠርግ ማግስት ቤት ነው። ይህን ለዚያች ደግ ልጅ ማሳየት ውለታ መብላት አይሆንም? «መድኃኒቴ አልሠራም» ብላ ብታዝንስ? ጭራሽ ብትከለክለኝስ? ስለዚህ እዚሁ ሐይቅ ወደ አንድ ክሊኒክ ጎራ አልኩና ነርሱን «መንገድ ልሄድ ነው» ብዬ ቀኑ ሳይደርስ ተወጋሁ። ዓሣም በላሁ፣ ማርም ላስኩ። ከዚያ ደሜን እንደ ሙሽራ ኩዬ ወደ ደሴ ይዤው ወጣሁ።

ዶክተሯ ውጤቱን ስታይ ቅንድቧ ተነሣ። «ሆርሞኑ ከልክ በላይ ነው። ደምዎም ወፈር ማለት ጀምሯል።»

«አልሀምዱሊላህ» አልኩ። በእኛ አገር ወፈረ ማለት የምሥራች ነው።

«ጋሼ፣ ደም ከልክ በላይ ሲወፍር ሊረጋ ይችላል፤ ከረጋ ደግሞ የልብ ወይም የአንጎልን መንገድ ይዘጋል። መጠኑን በግማሽ እንቀንሰዋለን።»

አያችሁ? ደኅና መስሎ የታየ ሰው ቀለቡ ይቀነስበታል።

በግማሽ መርፌ ግማሽ ሰው ሆንኩ። በቀጣዩ ሽምግልና ላይ ራሴ ቀስ እያለ ወደ አባ ይመር ትከሻ ወረደ። እሳቸውም ትከሻቸውን ሰጡኝ፤ ሲያበቃ ግን «መውሊድ እየቀረበ ነው» አሉኝ። ያን ቀን ለዘሀራ እውነቱን ነገርኳት።

«ቀድመህ ተወጋህ?»

«ለክብሯ ብዬ ነው።»

«ለማን ክብር?»

«ለዶክተሯ።»

«አንተ ሰውዬ፣ የእኔ ዘመዶች ሲመጡ እኮ ጋቢህን እንኳ አትቀይርም» አለችና የመርፌውን ብልቃጥ ከሳጥኗ ከትታ ቆለፈችበት። በቀጠሮዬ ቀንም ቀድማኝ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጠች።

ለዶክተሯ ሁሉንም ዘረገፈችላት። እኔ በዚያን ጊዜ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የልብ ሥዕል በጥሞና እመረምር ነበር። ልጅቱ አልተቆጣችም። «ጋሼ እንድሪስ፣ ያን ጊዜ ያየሁት እርስዎን አይደለም፣ መርፌውን ነው» አለችኝ። ያልተኳለ ደሜን ሰጠሁ፤ በአደባባይ ልብሴን የገፈፉኝ ያህል አፈርኩ። እሷ ግን ውጤቱን አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ መጠኑን ከፊተኛው ዝቅ፣ ከኋለኛው ከፍ አደረገችው፤ የደሜን ውፍረትም በየጥቂት ወሩ እየመጣሁ እንዳሳያት ነገረችኝ።

ልክ መጣ። መውሊድ ሳይደርስ፣ ሙሉ ንቁ ሰው ሆኜ ሽምግልና ተቀመጥኩ። ጉዳዩ ቀላል ነው፤ የአንዱ በሬ የሌላውን ሽንብራ በልቷል። እኔ ግን ነቅቻለሁ። በሬው በየት በኩል ገባ? አጥሩን ያጠረው ማነው? ሽንብራው አብቦ ነበር ወይስ አፍርቶ? በሬው ከዚህ ቀደም እንዲህ ያለ አመል ታይቶበታል? የዙህር ሶላት አለፈ፤ የአስር ሶላትም ተቃረበ። እኔ ገና ወደ በሬው እናት ልሻገር ስል የሽንብራው ባለቤት ብድግ ብሎ የበሬውን ባለቤት እጅ ያዘ።

«ወንድሜ፣ ለአላህ ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ። ና እንሂድ።»

«ካሣውን ነገ አመጣልሃለሁ፤ ብቻ ቶሎ እንውጣ» አለው ያኛው። ተቃቅፈው ሄዱ።

«አዩ አባ ይመር፣ ታረቁ» አልኳቸው።

አባ ይመር ጉልበታቸውን ይዘው በቀስታ ተነሡ። «ታርቀዋል። ቦታህም ያንተው ነው» አሉኝ። ጥቂት ራመድ ካሉ በኋላ ግን ዞር አሉ። «እንድሪስ፣ ያቺ ልጅ መርፌዋን ትንሽ ብትቀንሰው ይጎዳሃል?»

«እሱን የሚወስነው ደሜ ነው፣ አባ ይመር።»

«እንግዲያው ወደ ደምህ ሽማግሌ እንልካለና» አሉ።

ይላኩ። ነቅቼ እቀበላቸዋለሁ።