የዘይት በርሜሌና ወይዘሮ ባንቺአየሁ

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ልጅ ሳሉ ሽንዲ አጠገብ የነበረው የሣር ቤታቸው በተኙበት ነደደ። ጠባሳው እስከ ዛሬ ክንዳቸው ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት እሳት ሁሉ የእሳቸው ጉዳይ ሆነ። እግዜር ለየሰፈሩ አንድ ሶኬት ነቃይ ሳይመድብ አልቀረም፤ ለእኛ ለቡሬዎች የደረሱን እሳቸው ናቸው።

ክብርት ወይዘሮ በሰርግ ዳስ፣ ሽማግሌ እየመረቀ፣ የሙሽራውን እናት ቀሚስ ጎተት አድርገው «ካውያውን ነቅለሽ ነው የወጣሽ?» ይላሉ። መስቀል ተሳልመው ቀና ሲሉ «አባ፣ ምድጃዎን ነቅለዋል?» ይላሉ። አንዴ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚሄድ ሚኒባስ አስቁመው የወረዱት የጎረቤት ምድጃ ትዝ ብሏቸው ነው። የራሳቸው ቤት የኤሌክትሪክ ምድጃ የለውም።

እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚገባኝ ሰው ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ፊደል የቆጠርሁት ከሸበትሁ በኋላ ቢሆንም፣ መጽሐፍ እያነበብሁ ለወፍጮዬ ሞተር ነዳጅ መሥራት ችያለሁ። ናፍጣ ሲጠፋ ከምግብ ቤቶች የተጠበሰበትን ዘይት እሰበስባለሁ፤ በርሜል ውስጥ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ አሞቀዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ሌላ በርሜል ገልብጬ ሜታኖል ከሚባለው አልኮል ጋር አዋህደዋለሁ። ሊያይ ለመጣ ሁሉ ጣቴን ቀስሬ አስተምራለሁ፦ «ማሞቂያው ዘይት ውስጥ ካልሰጠመ አይሰካም! ራቁቱን ከጋለ ፍም ነው። የአልኮሉ ትነት ለዓይን አይታይም፤ ፍም ያገኘ ዕለት ቤት የለህም።»

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ይህን ሰምተው፣ «እሰየው! ታዲያ ነቅለዋል?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ባለፈው ጥቅምት የጎረቤታችን የአቶ ሙጬ ለቅሶ ነበር። ጠዋት ዘይቱ እየሞቀ ሳለ መብራት ሄደ። ይበቃዋል ብዬ ዘይቱን ወደ ሌላው በርሜል ገለበጥሁና ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። በአገራችን መብራት ከሄደ ሁሉም ነገር የጠፋ ይመስለናል፤ ሶኬቱ እንደተሰካ ቀረ። ባለቤቴ እናኑ ወገቧን አሟት ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ማዶ ተኝታለች።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሳለ ከጎረቤት አንድ ሬዲዮ በዘፈን ጮኸ። መብራት መጣ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ከሴቶቹ መሃል፣ በለቀስተኛው ራስ ላይ አሻግረው፣ «አያ አስናቀው፣ በርሜልዎን ነቅለዋል?» አሉ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ያስተማርኋቸው ሰዎች ናቸው። እግሬ ሊነሣ ፈለገ፤ አፌ ግን፣ «እኔን ነው የሚጠይቁኝ? ነቅያለሁ እንጂ!» አለ።

«ወይ ድፍረት! መምህር ይጠየቃል?» አለ አንዱ።

እሳቸው ፊቴን አዩ፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ውልቅ አሉ። እኔ፣ ሚስቴን ከፍም አጠገብ ያስተኛሁ ሰው፣ እንዳያስታውቅብኝ ጥቂት ቆይቼ ተነሣሁ። ያችን ጥቂት ባሰብኋት ቁጥር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

ስደርስ እሳቸው መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍተውታል። ባዶው በርሜል ያጨሳል፤ ማሞቂያው ገና እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ አጠገቡ የአልኮሉ ጀሪካን ክዳኑ ላልቶ ተቀምጧል። ወይዘሮ ባንቺአየሁ እናኑን ደግፈው ውጭ አውጥተዋታል። እናኑ ምንም አታውቅም፤ «ለቅሶው ቶሎ በቃህ?» አለችኝ።

ከዚያ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። ለቀስተኛው «እህሳ?» ቢላቸው፣ «ነቅለውት ኖሯል። እኔው ነኝ በከንቱ የባነንሁ» አሉ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ በእሳቸው ይስቃል።

አሁን ልጃቸው ዘንድ ሄደው የሰነበቱ እንደሆነ በርሜሌን አልሰካም። በቀደም ግን አላስችል ብሎኝ፣ «ለምን ዋሹልኝ?» አልኋቸው።

«እኔማ መሳቂያ መሆን ለምጀዋለሁ፣ አያ አስናቀው። በእርስዎ ቢስቁብዎ ግን ሌላ ቀንም ሣቁን ፈርተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሰው መጀመሪያ ይሩጥ፤ ኩራቱ ቀስ ብሎ ይደርስበታል።»