ሃያ ሁለት ዲግሪ በአምባ ጊዮርጊስ

ብርድ አይቆጠርም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አምባ ጊዮርጊስ አድሮ አያውቅም ማለት ነው። እኔ እቆጥረዋለሁ። የምቆጥረው በብርድ ልብስ ነው። መስከረም ላይ ሁለት ነው። ጥቅምት ላይ ሦስት። ኅዳር ገብቶ ውርጩ ባቄላውን ማጥቆር ሲጀምር አራት ይሆናል። ከአራት በላይ ያለው አያሞቅም፤ ይጫናል እንጂ። ባለቤቴ ዘሃራ አምስተኛውን ስደርብላት፣ «ልትቀብረኝ ነው?» አለችኝ። የዚህ ሁሉ ጣጣ መጀመሪያ እሱ ነው።

ቆጣሪ ሰው ነኝ፤ ምኑን እደብቃለሁ? ጎንደር ተወልጄ፣ በአንዲት አህያ ጨው ጭኜ ወደዚህ ወደ ወገራ ስወጣ መንገዱን በእርምጃ ቆጥሬዋለሁ። ዛሬ እህል ነጋዴ ነኝ። ከመጋዘኔ በር እስከ መስጊድ ሁለት መቶ ሰማንያ እርምጃ ነው፤ ሲዘንብ ሦስት መቶ ይሆናል፤ ኩሬ እዞራለሁና። ሳይቆጠር የመጣ ሀብት ሳይነገር ይሄዳል ብዬ አምናለሁ።

የድሮው ቤታችን ጭቃ ነበር። ግድግዳው ክንድ ሙሉ ይወፍራል። ሁለት መስኮት ነበረው፤ እነሱም ጭንቅላት አያስገቡ። ሃያ ስምንት ዓመት ኖርንበት፣ አንድም ቀን ስለ ብርድ አላወራንም። ከዚያ እጄ ላላ አለና አፈረስኩት። ሰው ሲያልፍለት መጀመሪያ የሚያፈርሰው ያሞቀውን ነው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። በቦታው ብሎኬት አቆምኩ። ዘጠኝ ሰፋፊ መስኮት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ወለሉ ሴራሚክ። ዘሃራ የመጀመሪያ ቀን በባዶ እግሯ ረግጣው፣ «ይኼ ወለል ነው የወንዝ ድንጋይ?» አለች። ሳቅኩባት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለውን ተረት፣ ወርቁን ካፈረሱ በኋላ ነው የሚያስታውሱት።

ሦስት ክረምት ሳያልፍ ጉልበቷ ያዛት። ጎንደር ያለ ሐኪም አያትና ከብርድ ትራቅ አለ። ብርድ ከእሷ ይራቅ እንጂ እሷማ ወዴት ትርቃለች? መልሱን ልጃችን መዲና አመጣችው። መዲና ቆላ ወርዳ ገንዳ ውኃ ነው ያገባች። «እናቴን ስጠኝ፤ እዚህ እንኳን ጉልበት ድንጋይም ይፈታል» ብላ ደወለች። ዘሃራም አሰበችበትና ነገረችኝ። ጥር እስኪገባ ታየኛለች። ቤቱ ከሞቀ ትኖራለች፤ ካልሞቀ ወደ ልጇ ትወርዳለች። አርባ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል፤ ለንግድ ካልወጣሁ በቀር ተለያይተን አድረን አናውቅም። ወዳጄ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ከሰል አትበለኝ። ከሰል በዝግ ቤት ውስጥ የሚያደርገውን እናውቃለን፤ በር ከፍተህ ስታነደው ደግሞ ጭሱ ይወጣልሃል፣ ሙቀቱም አብሮት ይሄዳል።

ጎንደር ፒያሳ የዘመዴ ልጅ ኑሩ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለው። እዚያ ወረድኩ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ አራት የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች መረጥኩ። ማሞቂያ ግን ብቻውን አይበቃም አለኝ፤ አለቃ ይፈልጋል። አለቃው ቴርሞስታት ይባላል። የቤቱን ሙቀት ይለካል፣ ሲበርድ ማሞቂያውን ያበራል፣ ሲሞቅ ያጠፋል። ሦስት ዓይነት አሳየኝ። አንዱ በእጅ የሚሽከረከር ነው። ሁለተኛው ባለ ቁልፍ። ሦስተኛው ክብ መስታወት ነው፤ ስፋቱ የሲኒ ማስቀመጫ ያህላል፣ መሐሉ ላይ ቁጥር ይበራል። ይኼ ስማርት ነው፤ የቤቱን ጠባይ አጥንቶ በራሱ ያስባል አለኝ። ስልኩ ስማርት፣ ቴሌቪዥኑ ስማርት፤ የቀረነው እኛ ብቻ ነን። ማቀዝቀዝም ይችላል ብሎ ጨመረ። ለአምባ ጊዮርጊስ ሰው!

እውነቱን ልናገር፤ የማረከኝ ማሰቡ አልነበረም። መቁጠሩ ነው። ከነምልክቱ፣ ከነነጥቡ ይቆጥራል። ዕድሜዬን ሙሉ ብቻዬን ስቆጥር ኖሬ ጓደኛ ያገኘሁ መሰለኝ።

የሚገጥመው የከተማችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማስረሻ ነው። እጁ ሸጋ ነው፤ አፉ ግን አያርፍም። መመሪያውን አነበበና፣ «አያ ሰይድ፣ ዘወትር የምትቀመጡበት ክፍል፣ ከመስኮት ራቅ ያለ ግድግዳ ላይ ይሁን ይላል» አለኝ። እንዴት ሆኖ? እኛ የምንውለው ጓዳ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ገዝቶ ጓዳ የሚደብቅ ማን አለ? እንግዳ የሚገባው ሳሎን ነው። ሳሎን ውስጥ ደግሞ የክብር ቦታው ከቴሌቪዥኑ በላይ ነው። እዚያ አልኩት። «መመሪያው ከቴሌቪዥን ይራቅ ይላል እኮ» አለ። መመሪያው ሳሎን አያውቅም አልኩት። ሳቀና ገጠመው። ሃያ ሁለት ላይ አቆምነው። ኑሩ ለሰው የሚስማማው ሃያ ሁለት ነው ብሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ከአሥራ አራት አልወጣም። ማሞቂያዎቹ እንደ ገሃነም ቀልተዋል፣ ቁጥሩ አሥራ አራት። ማስረሻን ጠራሁት። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አየና፣ «አያ ሰይድ፣ እርስዎ እኮ ቤቱን አይደለም፤ ወገራን ሙሉ ነው የሚያሞቁት» አለኝ። በሩ ክፍት ነው ማለቱ ነው። ታዲያ ሊዘጋ ነው? በእኛ አገር በቀን በሩን የሚዘጋ ሰው ወይ ሥጋ ብቻውን ይበላል፣ ወይ ሐዘን ደርሶበታል። አንድ ቀን ሥራዬ ብዬ ስቆጥር ስልሳ ሦስት ሰው ገብቶ ወጥቷል። እሳት ሊጭር፣ ወንፊት ሊዋስ፣ የገብስ ዋጋ ሊጠይቅ፣ «እንዴት አደራችሁ» ሊል ብቻ።

ዘጋሁት። ምርጫ የለኝም፤ ኅዳር እያለቀ ነው። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ አራት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አንደኛዋ ገና ደጃፍ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀምራለች። «ምነው? ማን ነው?» ይላሉ። ማንም አልሞተም፤ ቤት እያሞቅን ነው ብላቸው አላመኑኝም። ዘሃራ ራሷ በሩን ከፈተችው። «በቁሜ ከሚለቀስልኝ ብርዱ ይሻለኛል» አለች። እንግዲህ በመሐል ቤት ወፍራም መጋረጃ ሰቅዬ፣ በሩ ገርበብ እንዲል ተስማማን። ዘጠኙንም መስኮት በስፖንጅ ጠቀጠቅኩ። መብራት የሄደበትን ቀን አልነግራችሁም፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ግን አልነግራችሁም። መብራቱ ሄዶ በመጣ ቁጥር ይኼ አሳቢ የተባለ ዕቃ የተማረውን ረስቶ፣ ኢንተርኔት አምጡልኝ ይላል። ኢንተርኔቱ በተዘጋ ሰሞን ደግሞ አምጡልኝ እያለ እንደ ለማኝ ሲብለጨለጭ ይውላል።

ታኅሣሥ በገባ በስምንተኛው ቀን ግን ተአምር ሆነ። ጠዋት ተነሥቼ ባየው ሃያ አራት ይላል! ከሃያ ሁለትም አልፎ! ማሞቂያዎቹም ጠፍተዋል፤ ቤቱ ሞቆ አያስፈልጉም ማለት ነው። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ዘሃራ ግን በጋቢ ላይ ጋቢ ደርባ ተኮራምታለች። በረደኝ አለችኝ። ሃያ አራት ነው እኮ አልኳት። በማግስቱም በረደኝ አለች። እጇን ይዤ ወስጄ ቁጥሩን አሳየኋት። እጇ በረዶ ነበር። እጇን ይዤ፣ ቁጥሩን ነው ያየሁት። በሦስተኛው ቀን የለመድሽው ብርድ አእምሮሽ ውስጥ ቀርቶ ነው አልኳት። ይህንን እኔ ነኝ ያልኩ፤ ለራሷ፣ ጉልበቷን ለሚያማት። እኔንም ሲቀዘቅዘኝ ዕድሜ ነው እያልኩ ካፖርቴን እቆልፋለሁ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነን ኖርን። ከዚያ በኋላ በረደኝ ማለቷን ተወች። እኔም ሞቃት መስሎኝ ደስ አለኝ።

በአሥረኛው ቀን ማስረሻ የመጋዘኑን መብራት ሊሠራ መጥቶ ሳሎን ገባ። ሲገባ ትንፋሹ ጭስ ሆኖ ወጣ። ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ።

«አያ ሰይድ፣ ይኼ ምንድን ነው የለበሰው?»

ዳንቴል ነው። ዘሃራ የሠራችው ነጭ ዳንቴል፤ ጫፉ በሰማያዊ ክር የተዘመዘመ፣ ለቁጥሩ ማሳያ መሐሉ ላይ ቀዳዳ የተተወለት። ከላይ ጀምሮ እስከ ቴሌቪዥኑ ራስ ድረስ ይወርዳል። አይቼዋለሁ፤ እንዴት አላየውም? ግን ዳንቴል የሌለው ዕቃ በእኛ ቤት አለ? ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ራዲዮው ለብሷል፣ የሶፋው እጀታ ለብሷል። ራቁቱን የተንጠለጠለ አንድ እሱ ብቻ ነበር። የእንግዳ ዓይን እንዳይገባበትና አቧራ እንዳይይዘው ብላ አልብሳዋለች። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ቀንም ሌትም አይጠፋም። ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዳንቴሉ ሥር ይታፈናል። አለቃው ሞቆት፣ አገር ሙሉ የሞቀ መስሎት ተኝቷል። መቼም ለአለቃ ይኼ አዲስ አይደለም።

ማስረሻ ዳንቴሉን ገለጠው። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወረደ። ሃያ። አሥራ ስድስት። ዘጠኝ ላይ ቆመ። ዘጠኝ! እኔ ወደ ዘሃራ ዞርኩ። ይኸውልሽ፣ የራስሽ ዳንቴል ነው ያበረደሽ አልኳት። መሳቋን ስጠብቅ አልሳቀችም።

«እኔ ጉልበቴ አመመኝ አልኩህ» አለች። «አንተ ሄደህ ግድግዳውን ጠየቅህ።»

ማስረሻ ሳቁን ዋጠ። መሣሪያውን ሰብስቦ ውጭ ወጣ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። ጥር እስኪገባ እንኳን አልጠበቀችም። በሳምንቱ መዲና መጥታ ይዛት ወረደች። የአውቶቡሱ መውጫ ሦስት ደረጃ አለው፤ ሦስቱንም በሁለት እጇ ብረቱን ይዛ ወጣች። እኔ ከታች ቆሜ ቆጠርኩ።

ከሄደች በኋላ ነገሩን ሁሉ አስተካከልኩ። አለቃውን ከሳሎን አንስተን መኝታ ቤት፣ ከመስኮት የራቀ ግድግዳ ላይ ገጠምነው፤ ልክ እንደ መመሪያው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ አነጠፍኩ። እመኑኝ፣ ሃያ ሁለት ገባ። ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ። ገንዳ ውኃ ደወልኩና ነገርኳት። «ጥሩ ነው» አለች። ጉልበትሽስ አልኳት። ዛሬ ያለ ምርኩዝ ገበያ ሄድኩ አለችኝ። እንግዲህ ተመለሽ እንዴት ብዬ ልበላት? ሳልላትስ ስልኩን እንዴት ልዝጋው? የአየሩን ነገር አውርተን ዘጋን።

አሁን ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤት እቀመጣለሁ። በሩን የሚገፋ ጎረቤትም ቀንሷል፤ ይመጡ የነበሩት ለካ ለእሷ ነው። ሰሞኑን ታዲያ ዕቃው አዲስ አመል አወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሲሆን ቀጥ ብዬ እንደተቀመጥኩ በራሱ ይጠፋና ቤቱ ይቀዘቅዛል። ማስረሻን ጠራሁት። የተጻፈውን አነበበና ነገረኝ። ይኼ ዕቃ የሰው እንቅስቃሴ የሚያይ ዓይን አለው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚንቀሳቀስ ነገር ካላየ «ቤቱ ውስጥ ሰው የለም» ብሎ መዝግቦ ማሞቁን ይተዋል።

«ስህተት ነው፤ ማጥፊያው አንድ ቁልፍ ነው። ላጥፋልዎ፣ አያ ሰይድ?»

ተወው አልኩት። ከተገጠመ ጀምሮ በትክክል ሲቆጥር ያየሁት «ሰው የለም» ያለ ጊዜ ብቻ ነው።